ሸራ የለበሰ ባዶ

ያ መንገድ ማንም ያልጻፈው፣ ሾፌር ሁሉ ግን የሚያውቀው አንድ ሕግ አለው። ሁለት ከባድ መኪናዎች ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ከተፋጠጡ ባዶው ለጫነው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በጤና ጣቢያው መኪና እዚያ መታጠፊያ ስንደርስ ሁለት ባለ ተሳቢ መኪናዎች አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ቆመዋል። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል። ጭኔ ላይ የክትባት ሳጥን ይዣለሁ፤ በረዶው እስከ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል። ከተራራው ማዶ ባለው መንደር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁኝ ነበር።

"ከተሳቢው ሥር ሾልከህ በእግርህ ሂድ፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅብህ ነው" አለኝ ሾፌራችን።

መሄድ ነበረብኝ። ግን ከላይ የመጣው ሾፌር፣ ጢሞ የሚሉት፣ ክንዴን ያዘኝ። "ዶክተር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ዳኘን።"

ዶክተር አይደለሁም፤ ክትባት ሰጪ ነኝ። ቢሆንም ዳኘን መባሉ ደስ አለኝ። አስታርቄያቸው በመኪና የምደርስ መሰለኝ።

ጢሞ ጥሬ ቆዳ ጭኛለሁ አለ። "አፍንጫ የለህም እንዴ? ሽታው አይመሰክርም?" እውነትም ከመኪናው ወለል ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። ዝንቡ ከሸራው ላይ አይነሳም፤ ሽታው ምላስ ላይ እንደ ቅባት ይለጠፋል። ከታች የመጣው ቀዩ ሾፌር ደግሞ የጫንኩት ሲሚንቶ ነው አለ። የእሱም ሸራ ተወጥሮ በየማዕዘኑ ታስሯል።

"በዚህ ጭነት ወደ ኋላ ብመለስ ሬሳዬን የምትለቅመው አንተ ነህ" አለኝ፣ ከጥርሱ መሃል ጉድፍ በጥፍሩ እያወጣ ሱሪው ላይ እየጠረገ።

ሁለቱንም አዳመጥኩ። እንዳይጯጯሁ ተራ ሰጠኋቸው። ሰፊው ማሳለፊያ ለማን እንደሚቀርብ በእርምጃ ለካሁ። አንዱ እሺ ሊል ሲል ሌላው ይሰድበዋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ውሃ ወቀጣ ነበር። መሃል ላይ ጢሞ ሳጥኔን አይቶ "እዚያ ውስጥ መቼም ቀዝቃዛ ውሃ አይጠፋም" ብሎ ሳቀ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሾፌራችን ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተነሳ። "ወንድሜ፣ ይህ ትዕግሥትህ አንድ ቀን ይገድልሃል" አለኝና የጢሞን ገመድ በቢላ በጥሶ ሸራውን ገለጠው። ትናንት የተራገፈ ቆዳ የተወው ደምና ጨው፣ ባዶ በርሜሎች፣ አንድ ፍራሽ። ሌላ የለም።

ቀዩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ዓይኑን በጨው ያጠበ!"

ሾፌራችን ወደ እሱም መኪና ሄደና የጎኑን ላሜራ በጡጫ መታው። እንደ ከበሮ ጮኸ። ቀዩ ሳቁን ዋጠ። ሸራው ሲገለጥ ከሥሩ ጭነት እንዲመስል ጎብጦ የታሰረ እንጨት ብቻ ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እያንዳንዱ ሌላው የጫነ መሆኑን አምኗል። እያንዳንዱ መመለስ ያለበት ራሱ መሆኑን ያውቃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያዩ ዋሹኝ፤ እኔም የቆዳ ሽታ እንደ ምስክር ቆጥሬ ተቀበልኩ።

ቀዩ እፍረቱን ሊሸሽ ዘሎ ገባና ኋላውን ሳያይ ወደ ኋላ ነዳ። ተሳቢው ታጥፎ ቋጥኙ ውስጥ ተቀረቀረ። አሁን መንገዱ የእውነት ተዘጋ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የበረዶ ጠርሙሶቹ ውሃ ሆነዋል። የመንደሩ አዋላጅ ጋ ደወልኩ።

"ስንት እናቶች መጡ?"

"ሠላሳ አንድ። አንዷ ጨለማ ሳይገፈፍ ነው የተነሳችው። ቀርበሃል አይደል?"

"መልሻቸው።"

"ምን ብዬ?" አለች።

ጢሞ ከመኪናው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። "ዶክተር፣ መቼም ቀልጧል፤ እንግዲህ ስጠን።"

አንዱን ጠርሙስ ሰጠሁት። ውሃው በጢሙ እየወረደ ጠጣ፣ አገሳ፣ አፉን በመዳፉ ጠርጎ ለቀዩ አቀበለው። ተራ በተራ፣ ምንም ሳይጣሉ ጨረሱት።