የሻምበል ወንበር

ሻምበል ውሻችን ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሲበላ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ። እንዲህ ያደረገው በሽታው ነው። የምግብ ቧንቧው ላልቶ ሰፍቷል፣ የዋጠውን ወደ ሆዱ አይገፋለትም። ጎንበስ ብሎ ከበላ ይመልሰዋል፤ የመለሰው ወደ ሳንባው ከገባ ደግሞ አለቀለት። ስለዚህ ጎረቤታችን አናጢው ጠባብ ወንበር ሠራለት። የተፈጨ ሥጋ እያድበለበልኩ አጎርሰዋለሁ፣ ከዚያ እስኪወርድለት ደረቱን ደግፌ እቆያለሁ። ጠዋትም፣ ቀንም፣ ማታም ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንበሩን ከስፌት መኪናዬ አስጠግቼ በአንድ እጄ ጨርቅ፣ በአንድ እጄ ውሻ ይዣለሁ። ደንበኞቼ ከቀሚሳቸው ላይ የውሻ ጠጉር እየለቀሙ ይሄዳሉ። ወገቤ የእኔ አልመስል ብሎኛል። አንድ ቀን አጣምሜ የሰፋሁትን እጅጌ ስፈታ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሻምበል የበላውን ሁሉ ጭኔ ላይ መለሰው።

"ምነው በሞተና ሁላችንም ባረፍን!" አልኩ።

አባዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። በጉልበቱ ዘመን አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል።

ከዚያ ወዲህ ሻምበል ሳጎርሰው ፊቱን ያዞርብኝ ጀመር። ጠግቦ መሰለኝ። የደከመው ሰው ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሹ ተቆራረጠ፣ ሰውነቱ በትኩሳት ነደደ። ታክሲ ይዘን ወሰድነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ፊቱን አኮሳተረ። "ምግብ ሳንባው ገብቷል። መሬት ላይ ነው እንዴ የበላው?"

"በፍጹም!" አልኩ ቆጣ ብዬ።

"እኔ ነኝ" አለ አባዬ። "አንቺ ክር ልትገዢ ስትወጪ ሳህኑን መሬት አስቀምጥለት ነበር። ወንበሩ ላይ የማወጣበት ጉልበት የለኝም። ትንሽ ላሳርፍሽ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።"

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ቁጣው ከየት ይምጣ?

"ይድናል?" ብሎ ሐኪሙን ጠየቀው።

"ከዚህኛው ቢተርፍም ዋናው በሽታ አይድንም፣ አባባ። ግን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሰው እስካለ ድረስ ሊኖር ይችላል።"

ሻምበል ተረፈ። አሁን እኔ ወንበሩ ላይ አወጣዋለሁ፣ አባዬ ደረቱን ይደግፋል። ትናንት ከምሳ በኋላ እንዲያ እንደያዘው፣

"ልጄ" አለኝ ዓይኑን ከውሻው ሳያነሣ። "የእኔም ጉሮሮ እምቢ ያለ ቀን..."

"ተው እንጂ አባዬ!"

"ቢመርርሽ አልፈርድብሽም። ብቻ ለሻምበል ያልሽውን ያን ቃል ስትዪው እኔ በማልሰማበት ይሁን።"

ስፌቱን ትቼ ተነሣሁና፣ የሚንቀጠቀጥ እጁን ሻምበል ደረት ላይ እንዳለ ደግፌ ያዝኩት።