የኦቾሎኒ ቅቤው ትርፍ የት ነበር?

የኦቾሎኒ ቅቤ ሠሪዋን ደስታ አላስቀምጥ ብሏታል። የሱፐርማርኬቱ ባለቤት «በየሳምንቱ መቶ ብልቃጥ አምጪልኝ፣ ነገ ውል እንፈርም» አላታ! የኦቾሎኒውን፣ የብልቃጡን፣ የጋዙንና የማስፈጫውን ወጪ ደምራ ከመሸጫው ዋጋ ቀነሰች። የሚተርፈው ዳጎስ ያለ ነው። በሐሳቧ ወፍጮ ገዝታ፣ ሠራተኛ ቀጥራ፣ የቀጠረችውን መቆጣትም ጀምራ ነበር።

ያን ዕለት ግን እናቷን ወገባቸውን ያዛቸው። የተቆላውን ኦቾሎኒ በመዳፋቸው አሽተው የሚልጡት፣ የሚያበጥሩት፣ ያረረውን የሚለቅሙት እሳቸው ናቸው። ይህን ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሥራ ብሎት አያውቅም፤ «እማዬን ያጫውታታል» ነው የሚባለው።

ቸግሯት ጎረቤቷን በቀን ክፍያ ጠራቻት። ጎረቤቲቱ አንዱን ስትልጥ ሁለቱን ስትቅም፣ ባሏን ስታማ፣ ምሳዋን ስትበላ ዋለች። ከእጅ አይሻል ዶማ! ግማሹ ሳይላጥ ሒሳቧን ተቀብላ ሄደች።

ሠሪዋ ይህንንም ወጪ ቀነሰች። ደግማ ቀነሰች። ትርፍ የሚባል የለም፤ እንዲያውም ከኪሷ ልትጨምር ነው።

«ይቺ ሆዳም አከሰረችኝ!» ብላ ጮኸች።

«እሷ ምን አደረገች? የሠራችበትን ነው የወሰደችው» አለ ባሏ። «አንቺ እስከ ዛሬ ያተረፍሽው ከእማዬ ወገብ ላይ ነው።»

ክው አለች። ጓዳ ገብታ እናቷን አየቻቸው፤ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ወገባቸው ላይ አድርገው ተኝተዋል። እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

በማግስቱ ለባለ ሱፐርማርኬቱ አዲሱን ዋጋ ነገረችው።

«እህቴ፣ ባንድ ቀን ኦቾሎኒ ይህን ያህል ጨመረ እንዴ?»

«ኦቾሎኒውስ ያው ነው። የእናቴን ድካም ሳልደምር ቀርቼ ነው።»

ሰውዬው ተቆጣ፣ ሳቀ፣ ተከራከረ። በመጨረሻም «በዚህ ዋጋ ከአርባ ብልቃጥ በላይ አልወስድም» አላት። መቶው ቢያንገበግባትም ፈረመች።

ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ደሞዝ አለሽ።»

«ደሞዝ? እኔ ከልጄ? ወይ ጉዴ! እንዲህ አዋረድሽኝ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጅ ልመና ጀመረች፤ እናት ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ደግማ ለመነች፤ ጋቢውን ይበልጥ ሳቡት። ተስፋ ቆርጣ ልትነሳ ስትል፣ እንደዞሩ ድምፃቸው መጣ።

«ያለፈው ሦስት ዓመትስ?»