አንድ ጣት ተኩል

ጅማ መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ ማንም ደንበኛ ወረቀት ይዞ መጥቶ አያውቅም። የኛ ደንበኛ ይዞ የሚመጣው አሮጌ ልብሱን ነው። "እንደዚህ አድርገህ ስፋልኝ፣ ወገቡ ጋ ብቻ ትንሽ ሰፋ ይበል" ይላል። እኔም አሮጌውን አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በጠመኔ አሰምርና በመቀስ እከተላለሁ። አንድ ልብስ ካመጣ አንድ እሰፋለሁ፣ ሁለት ካመጣ ሁለት። የተዋረድኩትም በዚሁ ልማዴ ነው።

አምና አጋሮ ያለ የአንድ ቡና ማበጠሪያ ቤት ኃላፊ ለሠራተኞቹ ጋውን ሊያሰፋ አስቦ፣ ናሙና እንድሠራለት በቴሌግራም ሥዕል ላከልኝ። ሥዕሉ ላይ ሁለት ጋውን ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ አለው፣ ሁለት ኪስም አለው። ሌላው ቁልፍም ኪስም የለውም፣ ወገቡ ላይ አጭር ቀበቶ ብቻ ጣል ተደርጎበታል። ሁለት ሥዕል፣ ሁለት ጋውን። ጥንቅቅ አድርጌ ሁለቱንም ሰፋሁና በሚኒባስ አጋሮ ይዤለት ሄድኩ። ሰውዬው ሁለተኛውን አነሳ፣ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

"ጋሽ ሀቢቡላህ፣ ይሄኛው በየት በኩል ነው የሚገባበት?"

"እኔ ምን አውቄ! የላክልኝን ነው የሰፋሁት" አልኩት።

ለካ አንዱ ሥዕል ፊቱ፣ ሌላው ኋላው ነው። የአንድ ጋውን ፊትና ኋላ! ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ወሬው ደግሞ ከኔ ቀድሞ ጅማ ገባ። ከሱቄ ፊት ለፊት ኮት የሚሰፋው ደበበ ለሁለት ሳምንት ያህል "መግቢያ የሌለው ጋውን አለ?" እያለ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ከንዴቱ ስር ግን ሌላ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። ያ ሥዕል ላይ ትንንሽ የተቆራረጡ መስመሮች፣ ቀስቶችና ክቦች ነበሩ፣ አንዳቸውም አልገቡኝም። ሠላሳ ዓመት እንጀራ በበላሁበት ሙያ ውስጥ የማላነበው ጽሑፍ አለ ማለት ነው። በሃምሳ አራት ዓመቴ መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለች አንዲት ማሠልጠኛ ሄጄ የልብስ ንድፍ ለመማር ተመዘገብኩ። አላህ ሰላም ሊነሳኝ ሲል፣ ደበበም እዚያው ተመዝግቦ አገኘሁት።

አስተማሪያችን ነጅላ ትባላለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ልጄ ብትሆን አይደንቅም። እኔ "ቲቸር" እላታለሁ፣ እሷ "ጋሼ" ትለኛለች፣ ተከባብረን እንጣላለን። በመጀመሪያው ቀን የተጣላነው በተቆራረጠው መስመር ነው። እኔ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ቆራርጬ ካሰመርኩ "እዚህ ጋ ቁረጥ" ማለቴ ነው። እሷ ዘንድ ግን የተቆራረጠው መስመር ከላይ የሚታይ ስፌት ነው።

"ታዲያ በመቀስ ብሄድበትስ?" አልኳት።

"ኪሱ ተነቅሎ እጅዎ ላይ ይቀራል፣ ጋሼ።"

እውነቷን ነው። የልብሱ ቀኝ በኔ ግራ በኩል እንደሚሳልም ያኔ ነው የገባኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ልብስ ፊቱን ወደኔ አዙሮ የቆመ ሰው ነዋ! ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ተበላሸ። መርካቶ ውስጥ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በልቤ መንደፍ ጀመርኩ። እጅጌው የተገጠመው የት ጋ ነው? ኮሌታው ከስንት ቁራጭ ነው የተሠራው? ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችን ሴትዮ የጀርባ ስፌት ስቆጥር ዞራ ገላምጣኛለች። ይቅርታ ብጠይቃትም ምን እንደማያት ለማስረዳት ግን አልቻልኩም።

ከሁሉ የገረመኝ ግማሽ መንደፍ ነው። ነጅላ ወረቀቱ መሃል ቀጥ ያለ መስመር ታሰምርና ግማሹን ልብስ ብቻ ትነድፋለች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መስኮቱ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ብርሃኑ ያሳያትን ትከተልና ሲዘረጋ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ልብስ ይወጣል። ግሩም ነገር ነው። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ምክንያቱም ቤቴ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩት ነገር አለ። ሚስቴ፣ የልጃችን የፋሂም እናት ሐጂራ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ እንከን ያለውን ፍሬ ስትለቅም ነው የኖረችው። የለቀመችውን ጆንያ ተሸክማ ሚዛን ድረስ የምታደርሰውም ራሷ ናት፣ ሁሌም በቀኝ ትከሻዋ። ከዓመታት በኋላ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ አለ። እሷ አላየችውም፣ የቤታችን መስታወት ከፊት ሌላ አያሳይም። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ሰፊ ነኛ! እንዳይከፋት ብዬ ምንም አላልኩም። በምሰፋላት ቀሚስ ሁሉ ቀኝ ትከሻው ላይ ከገበሩ ስር አንድ እጥፍ ጨርቅ ደበቅኩ። ትከሻው ሲወርድ ሁለት አደረግኩት፣ ከዚያ ሦስት። የቀኙን ጠርዝም ትንሽ አነሳለሁ። ሐጂራ እኔ የሰፋሁትን ለብሳ ስትሄድ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለች ናት። ተዘጋጅቶ የተሸጠ ልብስ ገዝታ ስትለብስ ግን ይንሻፈፍባታል፣ እሷም ሰፊውን ትረግማለች። "ጅማ ውስጥ ካንተ በቀር ሰፊ የለም" ስትለኝ እኔ ዝም ነው።

የማጠቃለያው ፈተና እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን ደህና አድርገን የምናውቀውን ልብስ እንነድፋለን። ንድፉን ሌላ ተማሪ ይወስድና አንድ ቃል ሳይጠይቅ፣ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ ይሰፋል። ከዚያ ልብሱ የታሰበለት ሰው መጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይለብሰዋል። ልክ ከሆነ ሁለቱም ያልፋሉ። ካልሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታይና ያ ሰው ይወድቃል።

እኔ ከሐጂራ ቀሚስ የተሻለ የማውቀው ልብስ የለም። እጄ የለመደውን ነደፈ። ነጅላ ማስመሪያዋን ጣል አደረገችበትና "ጋሼ፣ ቀኙ ወርዷል" አለችኝ።

"እጄ ስቶ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው አጥፈው ይንደፉት።"

አጠፍኩት። ሲዘረጋ የሚያምር ቀሚስ ነው፣ ዓለም ላይ ግን የምትለብሰው ሴት የለችም። ልኩን ጽፌ ሰጠሁ። ዕጣ ሲወጣ ንድፌ ለደበበ ደረሰው።

ማክሰኞ ከሰዓት ሐጂራ ክፍላችን መጣች። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቀይራ ወጣችና ትልቁ መስታወት ፊት ቆመች። ኮሌታው ወደ ቀኝ ተንሸራቷል። በቀኝ በኩል ጠርዙ ጫማዋ ላይ ወድቋል፣ በግራ በኩል ቁርጭምጭሚቷ ይታያል።

"ያ ረቢ! ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎብኝ ነው?" አለች። "ሜ እስቲ እዩት፣ ማሎ፣ እባካችሁ! በአንድ በኩል አስረዝሞ፣ በአንድ በኩል አሳጥሮ። አባ ፋሂም፣ አላልኩህም? ይሄ ሰውዬ ጆንያ እንጂ ልብስ አይሰፋም።"

ደበበ ተንበርክኮ ሜትሩን አወጣና ቀኙን ለካ፣ ግራውን ለካ። "በእግዚአብሔር፣ እኩል ነው" አለ። ነጅላም ለካችው፣ እኩል ነው። ከኋላ አንዱ "ጨርቁን አጣሞ ቆርጦት ይሆናል" አለ፣ ሌላውም "እንደዚያ ነው" ብሎ አጀበው። ነጅላ እስክሪብቶዋን ይዛ ንድፉን አየች፣ ቀሚሱን አየች፣ ከዚያ የሐጂራን ትከሻ አየች። ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

ምን አስዋሸኝ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ዝም ብል ደበበ ይወድቃል፣ የጋውኑም ብድር ይመለሳል፣ የሐጂራም ነገር እንደተደበቀ ይኖራል። ደበበ ግን ሜትሩን እንደያዘ ተንበርክኮ ቀና ብሎ አየኝ። የሰው ስፌት በሐሰት ሲወቀስ ማየት ለካ ለሰፊ ይከብዳል።

"ስፌቱ እንከን የለውም" አልኩ። "የተሳሳተው የኔ ንድፍ ነው።"

ሐጂራ ወደኔ ዞረች። "ምኑ ላይ?"

"ቤት እነግርሻለሁ።"

በባጃጅ ተመለስን። ገና ቤት ስንገባ ሻንጣዬን ከእጄ ወስዳ ወረቀትና እርሳስ አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይም አስቀመጠችልኝ። "አሳየኝ" አለች።

ሳላጥፍ ሙሉውን ነደፍኩት። አጠገቤ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን መስመር ጠየቀችኝ። ይሄ የተቆራረጠው ምንድነው? ይሄ ቀስትስ? ቀኜ የታለ? "ፊቱን ወደኛ አዙሮ የቆመ ነው፣ ቀኝሽ በዚህ በኩል ነው" አልኳት። ጣቷን አንገቱ ላይ አድርጋ የግራውን ትከሻ መስመር ተከተለች፣ ከዚያ የቀኙን። ጣቷ ዝቅ አለ።

"ይሄኛው ለምን ወረደ?"

ጥቁር ቀሚሷን ከሳጥን አወጣሁ፣ የቀኝ ትከሻውን ገበር ተረተርኩና ሦስቱን እጥፍ ጨርቅ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። አንድ በአንድ ዘረጋጋቻቸው።

"የመጀመሪያውን መቼ ነው ያስገባኸው?"

"ፋሂም የተወለደ ዓመት።"

"ያኔ ስንት ነበር?"

"ግማሽ ጣት።"

"አሁንስ?"

"አንድ ጣት ተኩል።"

ቅር ይላታል ብዬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳዘጋጅ የኖርኩት የማጽናኛ ቃል ነበረኝ። "ሐጅሬ፣ ላየሽ ሰው ሁሉ አንቺ ቆንጆ ነሽ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ቁንጅና ማን ጠየቀህ?" አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፣ የከፋኝም እሱ ነው። "አባ ፋሂም፣ ትከሻዬ እኮ ሁለት ነው። ያኔ ብትነግረኝ ጆንያውን በግራ እሸከም ነበር።"

"በቀኝ ሲሆን ይለሰልስልኛል" ትል ነበር ሁልጊዜ። እንዴት አይለሰልስላት! ከስሩ የኔ ጨርቅ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ የሷን በሽታ የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ። አለቀስኩ፣ ብደብቀው አሁንም ሌላ መደበቅ ነው።

በማግስቱ አዲሱን ንድፍ ለነጅላ ወሰድኩላት። ግራና ቀኙ የሚለያይ ልብስ እንደማይታጠፍ፣ ሙሉው ተነድፎ ልዩነቱ በቀስት እንደሚጻፍ ነገረችኝ። ለካ ሕጉ ድሮም ነበረ።

"ታዲያ ለምን አላስተማርሽኝም?" ብዬ ተቆጣሁ።

"እጄ ስቶ ነው አሉኝ እኮ፣ ጋሼ።"

ደበበ ያን ቀን አለፈ፣ እኔ ደግሞ አዲሱ ንድፌ ተሰፍቶ በሳምንቱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጋውኑ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለሐጂራ አዲስ ቀሚስ ልሰፋላት ብዬ ጨርቅ ስቆርጥ "ያን ነገር እንዳታስገባበት" አለችኝ። ወደ ሥራ ስትሄድ ደግሞ የደበበን ቀሚስ ነው የምትለብሰው። የኔ ሚስት፣ የደበበን ስፌት! "ያንተ ቀሚስ ያሞግሰኛል፣ የሱ ግን ይነግረኛል" ትላለች። ጆንያውን ለምዶባት በቀኝ ልታነሳ ስትል ጠርዙን ጫማዋ ላይ ታየዋለች፣ ወደ ግራ ታዞረዋለች።

በየወሩ መጀመሪያ ሐጂራን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ በሁለቱም ትከሻዋ ልክ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ያለፈው ወር አንድ ጣት ተኩል ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሜ ለካሁ።

"ስንት ነው?" አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች።

"አንድ ጣት ተኩል" አልኳት ጮክ ብዬ። "አልጨመረም።"