ሁለት እጄን አናቴ ላይ አድርጌ

ሚስቴ የትነበርሽ ብስክሌቴን ለወንድሟ ለመስጠት የቆረጠችው አምና ከላዩ ወድቄ ትከሻዬን የተሰበርሁ ጊዜ ነው። እውነቷን ነው። ክንዴ ታስሮ ስከርም እያጎረሰች፣ እያጠበች፣ እየተራገመች ያስታመመችኝ እሷ ናት። «ስድሳ ያለፈው ሰው፣ ጡረታ የወጣ ሰው፣ እኩዮቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እሱ በቁምጣ አስፋልት ላይ!» ትላለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ እግሬ ሥራ ያገኘው ገና አሁን ነው። ይህን ብላት ማን ይሰማኛል!

ክርክሩ ሲበዛ ተዋዋልን። ከጎርጎራ እስከ ጎንደር ግማሽ ትራያትሎን ይደረጋል ተባለ፤ መጀመሪያ ጣና ላይ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ መጨረሻ ከአዘዞ ተነስቶ፣ ዙሪያውን ዞሮ ፒያሳ የሚገባ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ። ፒያሳ ያለው መግቢያ ከቀኑ አስር ሰዓት ይዘጋል።

«ከአስር ሰዓት በፊት ከገባሁ ስለ ብስክሌቴ አፍሽን አትከፍችም» አልኋት።

«ካልገባህ አይከል ይሄዳል» አለች።

አይከል ማለት ወንድሟ ምንይችል ዘንድ ማለት ነው። ያ ሰው ቤታችን በመጣ ቁጥር ብስክሌቴን ሊገዛው እንዳሰበው በሬ ዙሪያውን እየዞረ ያየዋል፤ አንድ ቀንማ ጎማውን በአውራ ጣቱ ሲጫን ይዤዋለሁ።

«መግቢያው ላይ መጥተሽ እይኝ» ብላት ደግሞ «ምን ልሠራ? ሬሳህን ልቀበል?» አለችኝ። እንግዲህ በዚህ ምርቃት ተሸኝቼ ነው የሄድሁ።

ጎርጎራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ዋናው አላስቸገረኝም። ወጣቶቹ ዳር ቆመው ሲንቀጠቀጡ እኔ ዘው አልሁ። የዋና መነጽሬ ግን ገና ሳልርቅ ውሃ አስገባ፤ ስወጣ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። ግድ የለም፣ ከኋላዬ ገና የሚዋኝ ሰው ነበር! ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ በጣም ደስ አለኝ።

ብስክሌቱም ሸጋ ነበር። ደምቢያን ሳቋርጥ የሽምብራው እሸት ደርሷል፣ ነፋሱ ከጀርባዬ ነው። ቆላድባን እንዳለፍሁ አንድ ገበሬ ሞፈሩን ተሸክሞ ቆሞ «አያ፣ ምነው? ማኪና አጣህ?» አለኝ። «ማኪናውማ ቀርፋፋ ሆነብኝ!» አልሁትና እየሳቅሁ አለፍሁ። ትከሻዬም ምንም አላለኝ።

ሥራው የመጣ አዘዞ ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ትንፋሼ አጠረ። የሚያሠለጥነን ልጅ «ትንፋሽ ሲያጥርዎት አይቁሙ፤ ሁለት እጅዎን አናትዎ ላይ አድርገው ይራመዱ፣ ደረትዎ ይከፈታል» ብሎ አስተምሮኛል። እንዳለው አደረግሁ፤ እውነትም ተከፈተልኝ። ለሌላ አገር ጥሩ ዘዴ ይሆናል። በእኛ አገር ግን ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ በመንገድ የሚሄድ ሰው፣ የሞተበት ሰው ነው። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ሸብቼ፣ ይህ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም!

ጎረቤታችን ይመኙሽ ለካ አዘዞ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ መንገድ ዳር ቆማለች። ዓይኔ ቀልቶ፣ ከውስጡ ውሃ ገና እየወረደ፣ እጄ አናቴ ላይ ሆኖ ሳልፍ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በሩጫዬ የተደነቀች መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። እሷ ግን ወዲያው ለየትነበርሽ ደውላ «አያ አወቀ ራሱን ይዞ እያለቀሰ ይመጣል፤ ምን ሰማችሁ?» ብላታለች።

እኔ ምኑን አውቄ! ማራኪ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ፤ በዚህ አያያዜ አስር ሳይሞላ ፒያሳ ነኝ። ምንይችል አይከል ቁጭ ብሎ እንደሚቀር ሳስበው ዳገቱ ቀለለኝ። ይኼኔ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ቁልቁል ስትሮጥ መጣች፤ ጎረቤቶች ይከተሏታል። ማን ሞተባት ይሆን፣ ምስኪን፣ ብዬ አዘንሁላት። ቀረብ ስትል የራሴ ሚስት ናት።

አንዲት ልጅ ነው ያለችን፣ መስከረም። ዛሪማ ታስተምራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል።

«መስከረሜን ምን ሆነችብኝ? ንገረኝ!» ብላ ደረቴ ላይ ወደቀች።

«ምንም አልሆነች! ማን ምን አለሽ?»

«ራስህን ይዘህ ስታለቅስ ታይተሃል! ዓይንህን እየው!»

«ውሃ ነው! የጣና ውሃ ነው!»

«ታዲያ ልጄ ስልክ ለምን አታነሳም?»

«ደህና ናት እኮ ነው የምልሽ!»

ይህን ማለቴ ጭራሽ አጠፋት። መርዶ በእኛ ዘንድ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰውየው ተቀብሮ እንኳ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» እየተባለ ይደበቃል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማለዳ በር እስኪያንኳኩ ድረስ። እሷም ስንቱን ስትደብቅ የኖረች ሴት ናት። «ደህና ናት» ባልሁ ቁጥር መርዶውን አመነች፤ ብምል ይባስ ጮኸች። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። ጎረቤቶቹም ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ስልኳን ወስጄ ደወልሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልሁ። የቀደምኋቸው ሯጮች «በርቱ አባባ!» እያሉ አለፉኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሁን ብነሳ እደርሳለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ እግሬ መሄድ አማረው። ግን ይህች ሴት በሕይወት ያለች ልጇን እያለቀሰች ጥያት ልሂድ? አጠገቧ ቁጭ አልሁና እጇን ያዝሁ። በቃ፣ ና ምንይችል፣ ውሰድ አልሁ በሆዴ።

ብዙ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ! ወፍጮ ቤት ነበርሁ፣ ከጩኸቱ የተነሳ ስልክ አይሰማም። ምነው ይህን ያህል ደወላችሁ?»

የትነበርሽ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ያንኑ የተሰበረ ትከሻዬን በቡጢ አለችልኝ። እኔም አለቀስሁ፤ አሁንስ የምር ነው።

ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አስር ሊሞላ ነው። ተይው፣ አይደረስም።»

«ታዲያ ምን ተጎልተህ ታየኛለህ? ሩጥ እንጂ!»

«አይደረስም እኮ ነው የምልሽ!»

«ሩጥ አልሁህ!» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በዚያ በላስቲክ ጫማዋ ከፊቴ ተነሳች። ለለቅሶ የመጣው ጎረቤት ሁሉ በእልልታ ተከተለን። ፒያሳ ልንደርስ ስንል ትንፋሿ አጠረና ሁለት እጇን አናቷ ላይ አደረገች።

«አውርጂ! ሌላ ሰው ልትገድይ ነው!» ብዬ ጮህሁ። ከሳቁ የተነሳ ሁለታችንም መሮጥ አቃተን።

መግቢያው ላይ በአየር ተነፍቶ የቆመው በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። እሱን ተራምጄ ገባሁ። ዳኛዋ «አባባ፣ ሰዓቱ አልፏል፤ ሜዳሊያ መስጠት አንችልም» አለችኝ በትሕትና። «ይሁን ልጄ» አልኋት። ብስክሌቴ አሳዘነኝ እንጂ ሌላው ምንም አልከፋኝም፤ ከጎርጎራ እዚህ ድረስ በራሴ እጅና እግር መጥቻለሁ።

በሳምንቱ ምንይችል ገመድ ይዞ መጣ፤ አውቶቡስ ላይ ሊያስጭነው ነው። ውል ውል ነውና ብስክሌቱን ወልውዬ በሩ አጠገብ አቁሜዋለሁ። ገና እጁን ሲዘረጋ የትነበርሽ ከጓዳ ወጣች።

«የት ልትወስደው ነው?»

«ሰዓቱ አልፎበት የለ እንዴ?» አለ።

«ያሳለፍሁበት እኔ ነኝ። አንተ ምሳህን ብላና ሂድ።»

ምንይችል ገመዱን እየጠቀለለ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። የትነበርሽ ብስክሌቱን ወደ ቦታው እየገፋች «በሚመጣው ዓመት ስልኬን ዘግቼ ነው የምጠብቅህ» አለችኝ።

«የት?»

«የት ይሆናል! ፒያሳ ነዋ፣ መግቢያው ላይ።»