የላቀው መደገፊያ

ላቀው ቤቱን በገዛ እጁ ሲመርግ፣ ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ እንደ ሌላው ሁሉ ለስላሳና ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልመረገውም። አሁን፣ ላቀው በተቀበረ ማግስት፣ ታላቅ ወንድሙ ቢሆነኝ ጭድ የገባበት ጭቃ በገበቴ ይዞ ገባና መደቡ አጠገብ አስቀመጠው።

ለቀስተኛው ውጭ፣ ዳሱ ሥር ነው። ከቡሬ የመጡት ዘመዶች እንኳ ደጃፉ ላይ አልቅሰው ተመልሰዋል። የሳንባው በሽታ አገርሽቶበት ነው የሞተው፣ ቤቱንም በሽታው ሳይዘው አይቀርም እያሉ ሲንሾካሾኩ ሚስቱ ቻይነሽ ከውስጥ ሰምታለች።

“ለሠልስቱ ሰው ይግባ እንጂ” አለ ቢሆነኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ሲስልበት የኖረውን ግድግዳ ልሸፍነው።”

“ጋሼ፣ በሽታው ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።”

ቢሆነኝ እጅጌውን ሰበሰበ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ላቀው የቲቢውን የስድስት ወር መድኃኒት ሳያቋርጥ ጨርሶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ያየው ሐኪም አክታው ንጹሕ መሆኑን ለእሱና ለቻይነሽ ነግሮ ራጁን ወደ መስኮቱ አነሣ። የግራው ሳንባ ተኮማትሮ ነጭ ሆኗል። ቲቢው ድኗል፣ ይሄ ግን ጠባሳ ነው አላቸው። “ጠባሳ አይተነፍስም።”

አገር ቤት የደረሰው “ድኗል” የሚለው ብቻ ነበር። በሰኔ ላቀው በሬዎቹን ጠምዶ አንድ ትልም ሳይጨርስ እርፉን ለቆ ተቀመጠ። ቢሆነኝ ከማዶ ማሳ ሆኖ፣ “ሐኪሙ ሳንባህን ሲያድን ወገብህን ረሳው እንዴ?” አለው። አራሾቹ ሳቁ። ላቀውም ሊስቅ ነበር፤ ትንፋሹ አልበቃውም። መሬቱን ከዚያ ወዲህ ቢሆነኝ በእኩል አረሰው፤ ሰነፍ የሚለው ስምም በላቀው ላይ ቀረ።

ጋደም ካለ ይታፈን ስለነበር ዘጠኙን ዓመት መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ተቀምጦ ነው ያደረው። በየትንፋሹ ትከሻው ይነሣ፣ ይወርድ ነበር። ጠዋት ቻይነሽ ከብርድ ልብሱ ላይ አፈር ታራግፍ ነበር።

ቢሆነኝ እጁን ጭቃው ውስጥ ሲከት ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

“በሕይወት ሳለ ድኗል ብለው አሳቁበት። አሁን ሲሞት በሽተኛ አደረጉት። አንዱን ይምረጡ።”

“ቻይነሽ፣ ሰው ይሰማል።”

“ይስማ። መጀመሪያ እዚህ ይቀመጡና ይደገፉ።”

አመነታ፤ ተቀመጠ። ጀርባው ግድግዳውን በጠበቀበት ቦታ አላገኘውም። ዞሮ አየ። በትከሻ ልክ ምርጊቱ አልቆ ጭዱ ወጥቷል፤ ልብስ ሲፈትገው የኖረ ጎድጓዳ ነው።

“ሳል አይደለም የቆፈረው” አለች። “ትንፋሽ ነው።”

ቢሆነኝ ጭቃ ያልነካውን እጁን አጋድሞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጎድጓዳው ውስጥ ደረደረ። ጥልቀቱ ሦስት ጣት ነበር። ግድግዳውን ሳይመርግ ገበቴውን አወጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

“ግቡ” አለ ለለቀስተኛው። “በሽታው ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።”

እስከ ሠልስቱ ድረስ የገቡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። አራቱንም ቢሆነኝ መደቡ ላይ ሆኖ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀበላቸው።