የጋሽ ኃይለ ልዑል ሳኒታይዘር

ጋሽ ኃይለ ልዑልን ሳስበው እንትፍ ማለት ያምረኛል። አዋሽ ሰባት ኪሎ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚያርፉበት ሆቴል ባለቤት ነው፤ እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ እሠራ ነበር። ኮሮና በገባ ዓመት ከሰመራ በሚመለስ የጭነት መኪና አንድ ጀሪካን አልኮል አስመጣ። ጀሪካኑ ላይ የእሳት ሥዕልና «ከእሳት አርቁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። እንግዳ ያስደነግጣል ብሎ በጥፍሩ ልጦ ጣለው። ከዚያ በባዶ ሃይላንድ እየቀዳ በየጠረጴዛው አስቀመጠ፤ አንዱን ደግሞ ጓሮ፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኮ ይነዳል» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ግማሹ ውሃ ነው» አለና እጁን አሻሽቶ አሸተተው። ደስ ብሎት፣ እንደ ሽቶ!

ከሰሉን የምታያይዘው አስተናጋጇ ሂያም ነበረች፤ ከወሎ የመጣች፣ ሳቂታ ልጅ። ላምባ ስታጣ ከሃይላንዱ ጠብ ማድረግ ለመደች። ጋሼ አይቶ «ጎበዝ!» አላት። እኔም አይቻለሁ። ምሳ እንዲደርስልኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አፈሰሰችና ለኮሰች። የአልኮል ነበልባል በጠራራ ፀሐይ ለዓይን አይታይም፤ ጭስም የለው። ጠፍቷል ብላ ጎንበስ አለችና ደገመችው። እሳቱ የሚፈሰውን ተከትሎ ሽቅብ ወጣና ሃይላንዱ እጇ ላይ ፈነዳ። «ያ አላህ!» ስትል ዞርኩ። የሚታይ እሳት የለም፤ ሻሿ ግን ፊቷ ላይ ይኮማተራል። ብርድ ልብስ ውሃ ነክሬ አፈንኩት። የተቃጠለው ፀጉር ሽታ እስከ ዛሬ እህል ያስጠላኛል።

ጋሼ እየሮጠ ደረሰ። መጀመሪያ ያነሳው ሂያምን አይደለም፤ የቀለጠውን ሃይላንድ ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ ደበቀው።

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ መኪና ውስጥ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ከሰል ላይ ወድቃ ነው፤ ገባሽ? አለዚያ ሆቴሉ ይታሸጋል፣ ሁላችሁም ጎዳና ናችሁ» አለኝ። ትንፋሹ አንገቴን ነካኝ።

ሂያም ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ማስታገሻ ወስዳ ተኝታለች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

«በምን ተቃጠለች? ሳኒታይዘር ከሆነ ንገሪኝ። ዛሬውኑ ሰው ልኬ የቀረውን አስነሳዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሳይነድ።»

ጋሼ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሆቴሉ ውስጥ የቀሩትን ሦስት ሠራተኛ ልጆች አሰብኩ። ቀጥዬ ራሴን አሰብኩ።

«ወድቃ ነው» አልኩ። «ከሰል ላይ።»

ሐኪሙ ጻፈው። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ የእሱን እጅ ሳይሆን የራሴን ገላ ተጸየፍኩት።

ሂያም ለካ አልተኛችም።

«ፅጌ፣ እታለም» አለች ከፋሻው ሥር፣ «አንቺ ነሽ?»