የሴቶቹ ክፍል

ሰርክአዲስ የድቤውን ድምፅ ከጭብጨባው ጋር እያገጣጠመች ሳለ ከስክሪኑ ቀኝ በኩል ትንሽ ቢጫ ሳጥን ብቅ አለች። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ከታደሰ ወዲህ የማያመጣው ማስታወቂያ ስለሌለ ነገሬ አላለችውም። ልትዘጋው ማውሱን ስታስጠጋ ግን ውስጧ የተጻፈውን አነበበች።

"ይቺ ማናት?" ይላል።

ሳጥኗ የተለጠፈችው ሙሽራዋ ሹክሪያ ሻሿን ጥላ፣ ፀጉሯን ትከሻዋ ላይ ለቃ፣ ከእናቷ ጋር የምትጨፍርበት ቦታ ላይ ነው። ሰርክአዲስ ክው አለች። በዚህች ከቡቲኮቹ ጀርባ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መጋረጃውም ወርዷል። የሴቶችን ቪዲዮ ስትሠራ ሁልጊዜ የምታደርገው እንደዚህ ነው። ታዲያ ይህን የጻፈው ማን ነው?

ጭሮ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጽ ሞልቷል። በአጎራባቾቹ በመሰላም በቦኬም ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች እሷን መርጠው የሚመጡት ሴት ስለሆነች፣ ደግሞም ስለምትታመን ነው። የእነሱ ሠርግ ሁለት ቪዲዮ አለው። አንደኛው ኒካውን፣ ሽማግሌዎቹንና የመኪናውን ሰልፍ የያዘ፣ ለመጣ ለሄደው የሚታይ ነው። ሁለተኛው የሴቶቹ ክፍል ነው። በር ይዘጋል፣ ሻሽ ይወልቃል፣ አሮጊቷም ኮረዳዋም እንደልቧ ትሆናለች፤ ያንን የሚያዩት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ የሙሽራዋ እናት ሱቁ ድረስ ትመጣና አጠገቧ ትቀመጣለች። ፍላሹን በእጇ ትቀበላለች፤ ከዚያ ሰርክአዲስ ከኮምፒውተሩም ከካሜራው ሚሞሪም ላይ ጠራርጋ ስታጠፋ በዓይኗ ታያለች። ይህን ወግ ያመጣችው ራሷ ሰርክአዲስ ናት። ስሟ የወጣው በዚህ ነው፣ የምትኖረውም በዚህ ነው።

የሹክሪያ እናት ሀሊማ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ልትመጣ ቀጠሮ አላት።

ሹክሪያ ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ የተቀረጸች ልጅ አይደለችም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ሠርግ ላይ የተነሳች አጭር ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ዞራ፣ ልጅቷ ከቤት መውጣት እስክትጠላ ድረስ ስትሰቃይ አይታለች። በሂናው ቀን ካሜራውን ስታይ ፊቷን አዙራ "እኔን ተይኝ" ነበር ያለችው። ሰርክአዲስ ጓዳ ይዛት ገባችና እጇን ጨብጣ "እናቴ ትሙት፣ ከዚህ ክፍል አይወጣም" ብላ ማለችላት። ሹክሪያ ዓይን ዓይኗን ስታያት ቆየች። ከዚያ ሻሿን ፈታች።

ይኸው አሁን ወጣ። እንዴት እንደወጣ ገና አልገባትም እንጂ መውጣቱማ ወጥቷል።

ቢራቱ ጋ ደወለች። ቢራቱ ሂርና ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ስቱዲዮ ያለው የሙያ ጓደኛዋ ነው። የፕሮግራሙ አካውንት የተከፈተው በእሱ ስም ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለብቻ አይሞከርም፤ ስለዚህ ቦኬ ያለ አንድ ቀራጭ ልጅ ጨምረው፣ ሦስቱም በአንድ አካውንትና በአንድ ፓስወርድ ተጋርተው ይሠራሉ። ነውር የለውም፣ የአገሩ ስቱዲዮ ሁሉ የሚኖረው እንዲሁ ነው። በድሮው ፕሮግራም አካውንት ማለት በር መክፈቻ ብቻ ነበር። ከገባህ በኋላ ሥራህ እዚያው ኮምፒውተርህ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም አያይብህም።

ግን የድሮውንስ ማን ወደደው? የአማርኛ ፊደል ይሰባብራል፣ የሙሽራዋን ስም ስትጽፍ ባዶ ሳጥን ይደረድርልሃል። መብራት እልም ካለ የዋልክበት ሥራ አብሮ እልም ይላል፤ መብራቱ ደግሞ የጭሮ መብራት ነው። "እነዚህ ሰዎች እኛ ምን እንደምንፈልግ የሚያውቁት መቼ ነው?" እያለች ቢራቱን ስትጨቀጭቀው የኖረችው እሷ ናት። አዲሱ ሲመጣ እልል ማለት ነው የቀራት። "ሹክሪያ" የሚለው ስም ፊደሉ ሳይጎድል በወርቃማ ቀለም ቁልጭ ብሎ ወጣላት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ሥራዋ እንዳለ ጠበቃት። የት ተቀምጦ እንደጠበቃት ግን አልጠየቀችም።

"ቢራቱ፣ እኔ የምሠራውን አንተ ጋ ይታይሃል እንዴ?"

"አዎና! አቦ፣ እነዚህ ሰዎች በመጨረሻ ነቅተዋል። የሁላችንም ሥራ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቦታ ይቀመጣል። አንቺ አይደለሽ እንዴ መብራት አጠፋብኝ እያልሽ ስታለቅሺ የኖርሽው?"

የሴቶቹን ክፍል ከፍቶ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳያውቅ እንደከፈተው፣ ሴቶቹን ሲያይ ወዲያው እንደዘጋው በወላሂ ነገራት። አመነችው። "ይቺ ማናት" ብሎ የጻፈው ግን እሱ አልነበረም።

"እና ማን ነው? አካውንቱ ያለው እኔ ጋ፣ አንተ ጋ፣ ቦኬ ያለው ልጅ ጋ አይደለም?"

ቢራቱ እውነቱን ቀስ በቀስ አወጣው። ክፍያው ሲጨምር መሰላ ላለ አንድ ሰው ፓስወርዱን ሰጥቶታል። ያ ሰው ደግሞ ለአጎቱ ልጅ ሰጥቷል። የአጎቱ ልጅ ለማን እንደሰጠ ቢራቱ አያውቅም፣ መጠየቅም አላሰበም።

ይህን እየነገራት ሳለ ከስክሪኑ አናት ላይ አረንጓዴ ነጥብ በራች። ከነጥቧ አጠገብ የሰው ስም የለም፤ የአንድ ስልክ ዓይነት ብቻ ተጽፏል። ሰርክአዲስ ማውሱን አልነካችም። ቢሆንም በሥራዋ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር መሄድ ጀመረች። ሂናውን አለፈች፣ አሮጊቶቹን አለፈች፣ ሹክሪያ የምትጨፍርበት ጋ ደርሳ ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

አንድ የማይታወቅ ሰው፣ በማይታወቅ ቦታ፣ በጠራራ ፀሐይ ሹክሪያን ደጋግሞ እያያት ነው።

"አጥፋው!" አለች። "ባለቤቱ አንተ ነህ፣ አሁኑኑ አጥፋው!"

ፍላሹ ላይ ጠዋት የገለበጠችው አለ፤ ድምፁ ትንሽ ይቀረዋል እንጂ ሙሉ ነው። ቢራቱ አጠፋው። ሙሽራዋም፣ ድቤውም፣ ቢጫዋ ሳጥንም ከስክሪኑ ላይ ተነሱ። ሰርክአዲስ ልትተነፍስ ስትል በባዶው ስክሪን መሐል በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ መጣ። ሥራው ከሁሉም ቦታ ተሰርዟል ይላል። ቀጥሎም፣ አስቀድሞ ወደ ሌላ መሣሪያ የወረደ አንድ ቅጂ ግን ሊሰረዝ አልቻለም ይላል። ከሥሩ ከአረንጓዴዋ ነጥብ አጠገብ የነበረው ያው የስልክ ስም አለ።

ለቢራቱ አነበበችለት።

"ሰርኬ፣ ስሚኝ" አለ ቢራቱ። "እናትየው ስትመጣ እንደወትሮሽ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አጥፊላት፣ ፍላሹን ስጫት፣ በቃ። ምናልባት ሰውየው አይቶ ይተወዋል።"

"ባይተወውስ? የሹክሪያ ባል ቤት እኮ እዚያው አንተ ጋ፣ ሂርና ነው።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። ከተናገርሽ ከእንግዲህ ማን በር ይከፍትልሻል? እኔስ እዚህ ምን ፊት ይዤ እቀመጣለሁ? አፍሽን ያዢ። ለሁላችንም የሚበጀው እሱ ነው።"

ማስፈራራቱ አልነበረም። እውነቱን ነው፣ ያስፈራትም ይኸው ነው። ስልኩን ዘግታ ባዶውን ስክሪን እያየች ቀረች። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ክፋት አስበው አይመስላትም። ሥራ ማለት ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚያየው፣ አስተያየት የሚሰጥበት ነገር ነው ለእነሱ። በር ዘግቶ የሚሠራ፣ ሠርቶ የሚያጠፋ ሰው መኖሩን ማን ይነግራቸዋል? እሷም ፊደልና መብራት ብላ ስትጮህ ይህን አላለችም።

ውጭ የጫት መኪኖች እየጮሁ ቁልቁል ያልፋሉ። ከእነሱ አንዱ ላይ ያ ስልክ ተጭኖ ይሆናል፤ ወይም ሂርና ቆሞ ጫት የሚያስጭን አንድ ወጣት ለጓደኛው እያሳየ ይሆናል። ጓደኛውም ይቺ ማናት ሲለው መልሱን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው አጠገባቸው አይጠፋም። ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ገበያ ይደርሳል። ሹክሪያ ቀድማ ብታውቅ ለባሏ በራሷ አፍ ትነግረዋለች፣ እናቷም ሽማግሌዎቹን ቀድማ ትይዛለች። ካላወቀች ግን አንድ ቀን በሰው ስልክ ላይ ራሷን ታያለች፤ ያን ጊዜ የምታስታውሰው የሰርክአዲስን መሐላ ነው።

በሩ ተንኳኳ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ክፈቺልኝ" አለች ሀሊማ።

ሀሊማ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። ገና ከመግባቷ ወሬዋን ጀመረች። የሠፈሩ ሴቶች ቤቷ ተሰብስበው ፍላሹን እየጠበቁ ነው፣ አንዷማ ከቦኬ ድረስ መጥታለች፣ ማንም ወንድ እንዳይገባ ልጆቹ ሳይቀሩ ጎረቤት ተልከዋል። ወንበሩን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ከዘንቢሏ ውስጥ የታጠፈ አረንጓዴ ሻሽ አውጥታ ሰርክአዲስ ጭን ላይ አደረገችላት።

"ሹክሪያ ናት የላከችልሽ። ያን ቀን የፈታችውን ነው። ለሌላ ሰው አልፈታም ነበር ብላለች።"

ሰርክአዲስ ሻሹን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አሁንም የሂናው ሽታ አልለቀቀውም።

"ደህና ናት?" አለች።

"አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ደውላልኝ ነበር።" ሀሊማ ትንሽ አመነታች። "ባልየው ከትናንት ማታ ጀምሮ ፊቱን አጥቁሯል አለችኝ። ምን ሆንክ ስትለው አይናገርም። የአዲስ ትዳር ነገር ነው፣ ያልፋል ኢንሻአላህ።"

ሰርክአዲስ ጊዜውን አሰላች። ቪዲዮው ደርሶት ይሆን? ላይሆንም ይችላል። ሰው በሥራም ይከፋዋል፣ በገንዘብም ይከፋዋል። ግን ከትናንት ማታ ነው የምትለው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሥራውን ወደ ኢንተርኔቱ ሲልክ የሰነበተው ከዚያ በፊት ጀምሮ ነው።

ሀሊማ መነጽሯን አደረገች። ስክሪኑ መሐል ያለውን ጽሑፍ እንደማንኛውም የኮምፒውተር ጌጥ አየችና አለፈችው። እንግሊዝኛ አታነብም። ሰርክአዲስ እሺ ካለች ይህ ነገር እዚሁ፣ በዚህ ወንበር ላይ ያልቃል። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ታጠፋለች፣ ሀሊማ ታያለች፣ ትመርቃታለች፣ ሴቶቹ ማታ እልል ይላሉ።

"በይ አጥፊው፣ ልይልሽ" አለች ሀሊማ።

ሰርክአዲስ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ሻሹን እንደታጠፈ መልሳ ሀሊማ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ሀሊማ ግራ ተጋብታ አየቻት፣ ፈገግታዋም እዚያው ፊቷ ላይ ቆመ።

"አዴ ሀሊማ፣ ለሹክሪያ ይደውሉላት። ድምፁን ከፍ ያድርጉት፣ እሷም ትስማ" አለች ሰርክአዲስ። "እዚህ የተጻፈውን ላነብላችሁ ነው።"

ስልኩ ሂርና ላይ መጥራት ጀመረ። ሹክሪያ "ሄሎ፣ እማ?" ስትል ሰርክአዲስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው።